ምዕራፍ 5፦ ጥቁሩ መስኮትና የቡናው መዝገብ

የቡና ንግድ ግማሹ ሚዛን፣ ግማሹ መዝገብ ነው። ጥቅምት ገብቶ እሸቱ ሲቀላ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በገራና በጅማ ዙሪያ ያሉ የመፈልፈያ ጣቢያዎች ከገበሬው የተረከቡትን ኪሎ በየምሽቱ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ ጅማ መርካቶ ካለው የነጋዴው ቢሮ ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከየት ስንት ገባ?

ጅማ ይህን ስትጠይቅ ኖራለች። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.) ሕርማታ ላይ በየሐሙሱ የሚቆመው ገበያ ከአካባቢው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ሕርማታ መርካቶ በሚባለው ቀበሌ ይጠራል። አሁን መዝገቡ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ያውም ኤክሴል ላይ ነው። ሁለት መቶ መስመር እስኪሞላ ድረስ ማውዝና ዓይን ይበቃሉ። ሃያ ሺህ ሲደርስ ግን መዝገብ ያዡ ሲደምርና ሲያጣራ ያመሻል፤ በነጋታው አዲስ መስመር ሲጨመር ያው ድካም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሌላ መንገድ ነው፦ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ስለ ማዘዝ። በማውዝ የሠራነው ሥራ እዚያው ያልቃል። በጽሑፍ ያዘዝነው ግን ይቀመጣል፣ ይደገማል፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለዚህ ደግሞ የግድ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ አሥር ያህል ትንንሽ ትዕዛዞችን ማወቅ ብዙ ርቀት ይወስዳል።

መስኮቱን መክፈት

የትዕዛዝ መስመር ተርሚናል በተባለ ፕሮግራም ውስጥ የሚታይ ባዶ መስመር ነው። የሚጫኑት ሥዕልም ሆነ ቁልፍ የለበትም። ብዙውን ጊዜ የዶላር ምልክት ($) ይታያል፣ ከጎኑ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ መልሱ ከታች ይመጣል። ሊኑክስና ማክ ላይ ተርሚናሉ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ዊንዶውስም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊኑክስን በውስጡ ማስኬድ ይችላል። ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ደግሞ አንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ የተባለውን ነፃ አፕ ጭኖ እዚህ ያለውን መሞከር ይችላል፤ አንድሮይድ ራሱ ከሥሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነውና።

ትዕዛዞቹ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የተጻፉት በአፍ እንደሚጠሩት ነው። በመጀመሪያ ሦስቱን ልመዱ። ፒደብሊውዲ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ኤልኤስ በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ሲዲ ወደ ሌላ ፎልደር ይወስዳችኋል። አራተኛው፣ ማን የተባለው ትዕዛዝ፣ የሌሎቹን መመሪያ ያወጣል፤ «ማን ሶርት» ብላችሁ ብትጽፉ የሶርት ሙሉ ማብራሪያ ይመጣል። መመሪያው የሚገኘው እዚያው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም፣ የስልክ ጥቅል ቢያልቅም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ዝምታው ነው። አብዛኞቹ ትዕዛዞች ሲሳካላቸው ምንም አይናገሩም፤ የዶላር ምልክቱ ብቻ ይመለሳል። ዝም ካለ ሥራው ሄዷል ማለት ነው። ችግር ሲኖር ግን መልእክት ይጽፋል፤ መልእክቱን መዝለል ሳይሆን ማንበብ ይገባል። የጀማሪ ስሕተት በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የትዕዛዙ ስም ተሳስቷል፣ ወይ ፋይሉ ያለው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ሁለቱንም መልእክቱ በግልጽ ይናገራል።

ይህ ቁጥብነት ምክንያት አለው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ ዩኒክስን መሥራት ሲጀምሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት ወረቀት ላይ በሚመታ ቴሌታይፕ ነበር። ማሽኑ ቀርፋፋ፣ ቁልፉም ከባድ ስለነበረ የትዕዛዞቹ ስም ሁለትና ሦስት ሆሄ ሆነ፤ አላስፈላጊ ወሬም ቀረ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ወረሰ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ዛሬ ተርሚናል ላይ ቢቀመጥ ብዙውን ትዕዛዝ ያውቀዋል። ዛሬ የምትማሩትም ቶሎ የሚያረጅ ዕውቀት አይደለም።

ስምንት መስመር

አሁን ወደ መዝገቡ እንግባ። ለመማሪያ ያህል ስምንት መስመር ያለው «መዝገብ» የተባለ ፋይል አዘጋጁ። በየመስመሩ ቀን፣ ቦታና የእሸት ኪሎ አለ፤ መለያያው ኮማ ነው።

2017-02-27,አጋሮ,412
2017-02-27,ጅማ,180
2017-02-28,ሊሙ ገነት,356
2017-02-29,አጋሮ,298
2017-02-29,ጂማ,145
2017-02-30,ገራ,220
2017-03-01,አጋሮ,377
2017-03-01,ሊሙ ገነት,264

የመጀመሪያው ጥያቄ ከየቦታው ስንት ጊዜ ቡና ገባ የሚል ይሁን። ትዕዛዙ ይህ ነው፦

ከት -ዲ, -ኤፍ2 መዝገብ | ሶርት | ዩኒክ -ሲ | ሶርት -አርኤን

ከግራ ጀምራችሁ አንብቡት። ከት መስመሩን በኮማው እየቆረጠ ሁለተኛውን ዓምድ፣ ማለትም የቦታውን ስም ብቻ ያስቀራል። ሶርት ስሞቹን በተራ ይደረድራል፤ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ዩኒክ ጎን ለጎን የሆኑትን ተመሳሳዮች ወደ አንድ አጥፎ ስንት እንደነበሩ ከፊታቸው ይጽፋል። የመጨረሻው ሶርት በቁጥሩ መሠረት ከትልቅ ወደ ትንሽ ያስተካክላል። ውጤቱ፦

3 አጋሮ
2 ሊሙ ገነት
1 ገራ
1 ጅማ
1 ጂማ

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። ለእኛ ጅማም ጂማም አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ነው። ሃያ ሺህ መስመር ባለው ኤክሴል ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ድምሩን ሊያዛባ ይችላል። እዚህ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ወጣ። ማስተካከያውም አንድ መስመር ነው፦ ሴድ የተባለው ትዕዛዝ ጂማን ባገኘበት ሁሉ ጅማ ብሎ ይተካል። ከዚያ አውክ የተባለውን መሣሪያ በየቦታው ኪሎውን እንዲደምር ብታዙት ይህን ይመልሳል፦

አጋሮ 1087
ሊሙ ገነት 620
ጅማ 325
ገራ 220

በወረቀት ደምራችሁ አመሳክሩ፤ በጠቅላላው 2252 ኪሎ ይመጣል። አዲስ ትዕዛዝ ስትማሩ ሁልጊዜ እንዲህ በእጅ ሊደመር በሚችል ትንሽ ፋይል ጀምሩ። በስምንት መስመር ልክ የሆነ ትዕዛዝ በሃያ ሺህ መስመርም ያው ሥራውን ይሠራል።

ከእጅ ወደ እጅ

በትዕዛዞቹ መካከል የቆመችው ቀጥ ያለች መስመር ( | ) ፓይፕ ትባላለች። የምዕራፉ ትልቁ ሐሳብ ያለው እሷ ላይ ነው። በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ዳግላስ ማኪልሮይ ፕሮግራሞችን እንዲህ የማያያዝን ሐሳብ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ ቶምሰን በ1973 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ ውስጥ አስገባው።

የእጥብ ቡና ጣቢያን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይይዘዋል። እሸቱ መጀመሪያ መፈልፈያው ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ልጣጩን ብቻ ያነሣል። ፍሬው ወደ ገንዳ ይወርድና ይብላላል። ከዚያ በቦዩ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ በመጨረሻ ለቃሚዎች ጉድለት ያለበትን በእጃቸው ይለያሉ። መፈልፈያው አያጥብም፣ አልጋው አይፈለፍልም፤ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ሠርቶ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ከት፣ ሶርት፣ ዩኒክና ሴድም እንደዚያው ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ያውቃሉ፤ ጉልበታቸው በመያያዛቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ የት እንደሆነ ማግኘት ይቻላል። ረጅሙን መስመር በአንዴ ከመጻፍ ይልቅ መጀመሪያ ከትን ብቻ አስኪዱና ያወጣውን እዩ፤ ቀጥሎ ሶርትን ጨምሩ፤ እንደገና እዩ። በተለይ ሶርትን ዘልላችሁ ወደ ዩኒክ ከሄዳችሁ አጋሮ ሦስት ቦታ ተበታትኖ ይወጣል፤ ዩኒክ የሚያጥፈው ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ ትንንሾቹን መሣሪያዎች ደግማችሁ በሌላ ሥራ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። የቡናውን መዝገብ የቆጠረው መስመር የክሊኒክ ካርድን፣ የተማሪ ስም ዝርዝርን፣ የመጋዘን ዕቃንም ይቆጥራል።

የእኛ ቀን፣ የእኛ ፊደል

የመማሪያው መዝገብ ዓመቱን ከፊት፣ ቀጥሎ ወሩን፣ በመጨረሻ ቀኑን ያደረገው ሆን ተብሎ ነው። ቀን እንዲህ ሲጻፍ የፊደል ተራና የጊዜ ተራ አንድ ይሆናሉ፤ ሶርት የቀን መቁጠሪያ ምን እንደሆነ ሳያውቅ በትክክል ይደረድረዋል። ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ ሁለተኛው ወር 02 እንጂ 2 አይሁን።

ይህ ለኢትዮጵያ ቀን ልዩ ጥቅም አለው። ይህንኑ ፋይል ኤክሴል ቢከፍተው ቁጥሮቹን እንደ ፈረንጅ ቀን ያነባቸዋል። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፣ ሠላሳ ቀን አለው፤ ለእሱ ግን 28 ቀን ያለው የ2017 ፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 27ን፣ 28ንና ኅዳር 1ን «ቀን» ብሎ ይቀበላል፤ ጥቅምት 29ንና 30ን ግን ቀን አይደሉም ብሎ ተራ ጽሑፍ ያደርጋቸዋል። ሲደረድርም ጽሑፉን ከቀኖቹ በኋላ ስለሚያደርግ ጥቅምት 30 ከኅዳር 1 በኋላ ይመጣል። አሥራ ሦስተኛው ወራችን ጳጉሜን ጭራሽ ቦታ የለውም። ሶርት ግን ያያችሁትን ጽሑፍ እንዳለ ይዞ ይደረድራል፤ በእኛ ወር ላይ የራሱን ወር አይጭንም።

ፊደላችንም በተርሚናል ይሠራል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቷል። ፊደሎቹ በአብዛኛው የሚቀመጡት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ሲሆን፣ እሱንም በ1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ያው ኬን ቶምሰንና ባልደረባው ሮብ ፓይክ ናቸው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ሆሄ አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት። «ቡና» የሚለውን ቃል ደብሊውሲ ለተባለው ቆጣሪ ብትሰጡት ፊደል ሲቆጥር 2፣ ባይት ሲቆጥር 6 ይላል። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ከት በብዙ ሊኑክሶች ላይ በሆሄ ቁጥር ቁረጥ ሲባል የሚቆርጠው በባይት ስለሆነ የአማርኛውን ፊደል ከመሐል ሊሰነጥቀው ይችላል። በኮማ ተለያይቶ በዓምድ ሲቆረጥ ግን ይህ ችግር አይደርስም።

የእኛው የቤት ሥራ ደግሞ አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአፋችን አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዘጠኝ ለየብቻ የቆሙ ፊደሎች ናቸው። አንዱ መዝገብ ያዥ ሐሰን፣ ሌላው ሀሰን ብሎ የጻፈው ገበሬ በድምሩ ሁለት ሰው ይሆናል። ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት በሴድ ድምፀ አንድ የሆኑትን ወደ አንድ ፊደል የምትመልሱበት ቅጂ አዘጋጁ። ዋናውን መዝገብ ግን አትንኩት፤ የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ሊቆይ ይገባዋል።

ሥራው ሲቀመጥ

እስካሁን የጻፍናቸውን መስመሮች «ድምር» በተባለ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ነገ ምሽት አዲሶቹ መስመሮች መዝገቡ ላይ ከተጨመሩ በኋላ የምትጽፉት ይህን ብቻ ነው፦

ባሽ ድምር

ፊደሉ ይስተካከላል፣ ኪሎው ይደመራል፣ ውጤቱ ይወጣል። መዝገብ ያዡ ቢታመም ወይም ሥራ ቢቀይር ተተኪው ያንኑ ፋይል ያስኬዳል። ሒሳቡ እንዴት እንደተሠራ የሚጠራጠር ካለ ፋይሉን ከፍቶ መስመር በመስመር ማንበብ ይችላል። ነጋዴና ገበሬ፣ ማኅበርና አባል ሲከራከሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ድምሩ ብቻ ሳይሆን የተደመረበት መንገድም ተጽፎ ይቀመጣል።

ጉልበቱ ሲጨምር ጥንቃቄውም ይጨምራል። አርኤም የተባለው ትዕዛዝ ፋይል ሲያጠፋ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይልክም፤ የጠፋው ጠፋ ነው። በተለይ «ሁሉንም» ከምትለው የኮከብ ምልክት (*) ጋር ከመጠቀማችሁ በፊት ያንኑ አጻጻፍ በኤልኤስ ሞክሩት፤ የሚዘረዝራቸው ፋይሎች ሊጠፉ የሚችሉት ናቸው። ውጤትን ወደ ፋይል የምትልከው ምልክት (>) ደግሞ የነበረውን ደምስሳ ትጽፋለች፤ ሁለቴ ስትጻፍ (>>) ግን ከነበረው መጨረሻ ላይ ትጨምራለች። አንድ ትዕዛዝ ፈጽሞ አትጻፉ፦

ሶርት መዝገብ > መዝገብ

ተርሚናሉ ሶርት ማንበብ ሳይጀምር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። ውጤቱን ሁልጊዜ በሌላ ስም አስቀምጡ፤ የመዝገቡንም ቅጂ በፍላሽ ያዙ።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ጥሩ ልማድ መማር ይቻላል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ለገበሬው ቀረቡ፤ ከእነሱም መካከል 74110ና 74112 ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታሉ፣ የቀሩት ተራ ቁጥር ናቸው። ፋይሎቻችሁንም እንዲሁ ሰይሙ፦ ዓመት ከፊት፣ ተራ ቁጥር ከኋላ። «የመጨረሻው አዲስ ትክክለኛው» የሚል የፋይል ስም ከወር በኋላ ለማንም አይገባም።

ለምን አሁን

የቡና መዝገብ ከእንግዲህ ኪሎና ዋጋ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት የት እንደሆነ በካርታ ቁጥር እንዲታወቅ ይጠይቃል። የሚተገበርበት ጊዜ ቢራዘምም ጥያቄው አልተነሣም። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ መሬት ደግሞ አንድ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን የሚያሳይ መስመር ያስፈልጋል። ሁለት አኃዝ ብቻ ያለው ቁጥር የገበሬውን ማሳ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስተው ይችላል፤ ስድስት አኃዝ ያለው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና የሚመጣው ከአነስተኛ ገበሬዎች ስለሆነ የአንድ ማኅበር ዝርዝር በሺህ የሚቆጠር መስመር ሊኖረው ይችላል። ግሬፕ የተባለውን ፈላጊ ስድስት አኃዝ የሌላቸውን መስመሮች ብቻ አውጣልኝ ብላችሁ ብታዙት ወደ ማሳው ተመልሰው መለካት ያለባቸውን ገበሬዎች ወዲያው ይዘረዝራል።

ሳይንሱም በዚሁ በር ነው የሚገባው። የአረቢካ ቡና የዘር ቅደም ተከተል ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር ጀነቲክስ መጽሔት ወጥቷል። አረቢካ 44 ክሮሞሶም ያለው፣ ከሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ተክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከቢሊዮን የሚበልጡ ሆሄያት ያሉት የጽሑፍ ፋይል ነው። እንዲህ ያለ ፋይል በማውዝ እየተሸበለለ አይነበብም፤ በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዋና የሥራ ቦታቸው የትዕዛዝ መስመር ነው። የአረቢካ መነሻ ደኖች ያሉት ደግሞ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናም ሕክምናም ቴክኖሎጂም ያስተምራል። ከእነዚህ ክፍሎች የሚወጣ ወጣት ተርሚናል ፊት ሲቀመጥ የማይደነግጥ ከሆነ ስለ አገሩ ቡና የሚጻፈውን ከማንበብ አልፎ ራሱ መመርመር ይችላል።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ አንብባችሁ አትለፉት። ስምንቱን መስመር በእጃችሁ ጻፉ፤ ከት፣ ሶርትና ዩኒክን አንድ በአንድ አያይዙ፤ ድምሩን በወረቀት አመሳክሩ። ከዚያ የራሳችሁን መዝገብ፣ የሱቅም ይሁን የማኅበር ወይም የክፍል፣ ቅጂ አውጡና በዚያ ላይ ሞክሩ። ትዕዛዙ ሲሠራላችሁ በፋይል አስቀምጡትና አጠገባችሁ ላለው አንድ ሰው አስተምሩ። መሣሪያው ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል፣ አማርኛም ይቀበላል። የሚቀረው የእናንተ መጀመር ነው።